ሥዕልን መከርከምና መጠኑን መለወጥ በትምህርት መርጃ ዝግጅት

ለማስተማሪያነት የተመረጠ ፎቶግራፍ ከተማሪው እጅ እስኪደርስ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ለውጦች ይደርሱበታል። አንደኛው አላስፈላጊው ዙሪያ ተቆርጦ የሚወገድበት ክርከማ ነው። ሁለተኛው ሥዕሉ ከገጹ ጋር እንዲስማማ መጠኑ የሚለወጥበት ሥራ ነው። ሁለቱም በቀላል የኮምፒዩተር ፕሮግራም በጥቂት ደቂቃ ስለሚፈጸሙ እንደ ገጽ ማሳመሪያ ብቻ የመታየት ዕድል አላቸው። ይሁንና ሥዕሉ ራሱ ትምህርት በሚሆንበት ጊዜ ያለቦታው ያረፈ ቁርጥ ወይም ምጣኔውን የሳተ ለውጥ ተማሪውን ወደ ስሕተት ይመራዋል።

ለዚህ የአርሲ የስንዴ ምድር ጉልህ ምሳሌ ይሆናል። ኦጎልቾ ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚያዘቀዝቀው አካባቢ የምትገኝ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ከኩሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ አንድ የዳቦ ስንዴ ዝርያም በዚሁ ስም ይጠራል። በአካባቢው የሚያስተምር መምህር ስለ ስንዴ ዋግ ትምህርት ቢያዘጋጅ ጉዳዩ ለተማሪዎቹ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ አብቃይ ቦታዎች በሰፊው ተዛምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ በተባለው ዝርያ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል።

ሦስቱ የዋግ ዓይነቶች የሚለዩት በቀለም፣ በቅርጽና በአሰላለፍ ነው። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ የጅማቱን አቅጣጫ ተከትሎ በረድፍ ይሰለፋል። የቅጠል ዋግ ክብ፣ ጥቃቅንና የተበታተኑ ብርቱካንማ ቡናማ ነጥቦች አሉት። የግንድ ዋግ በአብዛኛው በግንዱ ላይ የሚወጡ፣ ረዘም ያሉና ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ቀለም ያላቸው ቁስሎችን ያሳያል። ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ሲባዛ ቀለሙ ይጠፋል። የሚቀሩት የመለያ ምልክቶች ቅርጽና አሰላለፍ ብቻ ናቸው። እነዚህን ደግሞ ክርከማና የመጠን ለውጥ በቀላሉ ያበላሻሉ።

በመጀመሪያ የምጣኔን ነገር መመልከት ይገባል። ወርዱ 6፣ ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መታተም የሚገባው የቅጠል ዋግ ፎቶግራፍ ባዶ ቦታ ለመሙላት ሲባል ቁመቱ ብቻ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሳብ፣ ክብ የነበረው ነጥብ ቁመቱ የወርዱን 2.25 እጥፍ ይሆናል። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ተማሪው የሚያየው ረዘም ያለ ቁስል ስለሆነ የቅጠሉን ዋግ የግንድ ዋግ ነው ብሎ ሊማር ይችላል። ስለሆነም መጠን ሲለወጥ ቁመትና ወርድ በእኩል ምጣኔ መለወጥ አለባቸው። ቦታው የማይበቃ ከሆነ ሥዕሉን ከመለጠጥ ይልቅ ጠርዙን መከርከም ይሻላል።

ክርከማውም ወሰን አለው። ነጥቦቹን ብቻ አጉልቶ ለማሳየት ሲባል ዙሪያው በሙሉ ቢቆረጥ ምልክቱ በቅጠል ላይ ይሁን በግንድ፣ በረድፍ ይሁን በብትን የሚያስረዳው ክፍል አብሮ ይወገዳል። ከዚህም በላይ ፎቶግራፉ ሲነሣ ከተክሉ አጠገብ ማስመሪያ ቢቀመጥ መልካም ነው። ከሥዕሉ ሥር «በ2 እጥፍ የጎላ» ተብሎ የሚጻፍ መግለጫ መጠኑ ዳግመኛ ሲለወጥ ሐሰት ይሆናል። በሥዕሉ ውስጥ ያለ ማስመሪያ ግን ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚያድግና ስለሚያንስ ልኩን ይጠብቃል። እርሱንም መቁረጥ አይገባም።

የኮምፒዩተር ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ነጥቦች የተሠራ ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶግራፍ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ለጥራት ያለው ኅትመት በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ነጥብ እንደ መለኪያ ይወሰዳል። በዚህ ስሌት ከክርከማ በኋላ ወርዱ 1500 ፒክስል የቀረው ሥዕል እስከ 12.7 ሴንቲ ሜትር ድረስ በጥራት ይታተማል። 400 ፒክስል ብቻ የቀረው ግን በ12 ሴንቲ ሜትር ቢታተም በኢንች የሚደርሰው 85 ነጥብ ያህል ነው። ኮምፒዩተሩ በማጉላት ጊዜ የሚጨምራቸው ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው የተሰሉ እንጂ በካሜራው የታዩ አይደሉም። በመሆኑም ማጉላት አዲስ ዝርዝር አያስገኝም።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 የመጀመሪያው ዊንዶውስ ጀምሮ የሚታወቀውን ፔይንት ብንወስድ፣ በቅድሚያ የፎቶግራፉ ቅጂ ይከፈታል። ቀጥሎ የሚፈለገው ክፍል በመምረጫው ተከቦ «ክሮፕ» በሚለው ትእዛዝ ይከረከማል። ከዚያ «ሪሳይዝ» በሚለው ሥር ምጣኔን የሚያስጠብቀው ምልክት መኖሩ ተረጋግጦ መጠኑ ይወሰናል። በመጨረሻም ሥራው በአዲስ ስም ይቀመጣል። ጄፔግ በተባለው ዓይነት የተቀመጠ ሥዕል እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ስለሚቀንስ እርማት ሲያስፈልግ ወደ ዋናው ፎቶግራፍ መመለስ ይገባል።

በወርድ ፕሮግራም ለሚሠሩ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወርድ የተከረከመ ክፍል ከዓይን ይሰወራል እንጂ ወዲያውኑ ከሰነዱ አይጠፋም፤ ሰነዱ የደረሰው ሰው ክርከማውን አንሥቶ ሙሉውን ሥዕል ሊያየው ይችላል። ከማሳው ዳር የቆመ ተማሪ ፊት እንዳይታይ ተብሎ የተከረከመ ሥዕል ሰነዱ በኮምፒዩተር ሲላክ ያንን ፊት ይዞ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው የተከረከመውን ክፍል የሚሰርዘውን የሥዕል ማመቂያ ትእዛዝ መጠቀም ወይም አስቀድሞ በፔይንት ከርክሞ ማስገባት ነው።

ከዕቅድ አዘጋጆች የሚጠበቀውም ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የጉድኝት ማዕከላት ያልተነካውን ፎቶግራፍ ከተስተካከለው ለይተው፣ የተነሣበትን ቦታ፣ ቀንና የተክሉን ክፍል መዝግበው ቢያስቀምጡ አንዱ መምህር ያዘጋጀው ለሌላው ይተርፋል። ሥዕሉ ከመባዛቱ በፊትም በአንድ ወረቀት ላይ በጥቁርና ነጭ ታትሞ ከዋናው ጋር ቢነጻጸር ስሕተቱ ክፍል ውስጥ ሳይገባ ይታረማል። በዚያ ንጽጽር ሦስቱን ዋጎች መለየት ካልተቻለ ሥዕሉ ገና አልተዘጋጀም።