የተከላ ዛፎች መቼ ያብባሉ፣ መቼ ያፈራሉ? ከፀዳ እስከ ደባርቅ

የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ስለሚተከለው ችግኝ ብዙ ይወራል፤ ችግኙ ስለበቀለበት ዘር ግን እምብዛም አይነገርም። በሐምሌ መሬት የሚገባው የዋንዛ ችግኝ ዘሩ የተለቀመው በበጋ ነው። እናት ዛፉ የሚያብብበትንና የሚያፈራበትን ወቅት ያላወቀ የችግኝ ጣቢያ እጁ የገባውን ዘር ያፈላል፤ ደኑም እንደ ዘሩ ይሆናል።

በጎንደር አካባቢ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ከዚያ ረጅም በጋ ይከተላል። የዛፎቹ አበባና ፍሬ በዚህ ዑደት ይመራል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ፀዳ ዋንዛና ብሳና ይስማማቸዋል፤ 2,800 ሜትር አካባቢ ወዳለው ደባርቅ ሲወጣ ቦታውን ኮሶ ይይዘዋል።

ዋንዛ ክረምቱ ወጣ ሲል ነጭ አበባውን ይለብሳል፤ ንብ አናቢውም ይህን ወቅት ይጠብቀዋል። ፍሬው በበጋ ቢጫ ሆኖ ይበስላል። ልጆች የሚመጥጡት ጣፋጭና ዝልግልግ ሥጋ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቅርፊትን ይሸፍናል፤ ቅርፊቱ ውስጥ አንዳንዴ ከአንድ በላይ ዘር ስላለ ከአንድ ፍሬ ሁለት ችግኝ ሊወጣ ይችላል። ዘር ለቃሚው የበሰለውን ፍሬ በአሸዋና በውኃ አሽቶ ሥጋውን ያስለቅቃል፣ ከዚያ ጥላ ላይ ያደርቃል። ወፍና ጦጣ እንዳይቀድሙት ፍሬው ቢጫ መሆን ሲጀምር መድረስ አለበት። የብሳና ፍሬ ደግሞ ሲደርቅ ራሱ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ለቀማው ከዚያ መቅደም አለበት።

ወይራ ጥቃቅን ነጭ አበቦቹን በነፋስ ያዳቅላል፤ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። አንድ ዓመት በብዛት ያፈራ ወይራ በቀጣዩ ሊያሳንስ ስለሚችል ጥሩ ፍሬ በያዘበት ዓመት መሰብሰብ ያዋጣል። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ በመሆኑ ሳይሰነጠቅ ከተዘራ ለመብቀል ይዘገያል።

ኮሶ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው። የሴቴው ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ለዘመናት የኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። አበባው ለመድኃኒት ሲቀነጠስ ግን ዘር የመያዝ ዕድሉ አብሮ ይሄዳል። የወንዴ ዛፎች ብቻ ያሉበት ተከላ ዘር አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁለቱ ተቀራርበው መኖር አለባቸው።

ከሁሉ በብዛት የተተከለው ባህር ዛፍ የአበባው ክዳን ሲወድቅ ክር የመሰሉ የወንዴ አካላቱ ይዘረጋሉ፤ ጠንካራው ፍሬ ዘሩን ዛፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ለአጣናና ለማገር ገና በለጋነቱ ስለሚቆረጥና ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ በወጉ ሳያፈራ ይሄዳል።

ተከላ ራሱ የአበባን ነገር ይለውጣል። ተጠጋግተው የተተከሉ ዛፎች ለብርሃን ሲሻሙ ቅርንጫፋቸው ይጠብባል፣ ፍሬያቸውም ያንሳል፤ ዳር ላይ ያለውና ክፍት ቦታ ያገኘው አብልጦ ያፈራል። ለዘር የተለየ ተከላ የሚሳሳው ለዚህ ነው። በሌላውም ዓለም የአበባ ጊዜ ለተከላ ሥራ ወሳኝ ነው። የእስያው ቲክ አበባውን ግንዱ ጫፍ ላይ ስለሚያወጣ በልጅነቱ ካበበ ግንዱ ለሁለት ይከፈልና የጣውላ ርዝመቱ ያጥራል። የቦርኔዮ ዲፕቴሮካርፕ ዛፎች ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ በአንድነት ያብባሉ፤ ዘራቸው ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል።

ለሰሜኑ ደጋ ትልቁ የዘር ምንጭ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። አንባቢ «እመጓ» በተባለው መጽሐፉ የሚያውቀው ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ከጥናቶቹ አንዱ እንዳሳየው አብዛኞቹ የዛፍ ዝርያዎች ዘራቸውን አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያከማቹም። እናት ዛፍ ከተቆረጠ አፈሩ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ደኑን አይመልሰውም ማለት ነው።

ስለዚህ የተከላ ሥራ ከችግኝ ቆጠራ መጀመር የለበትም። እያንዳንዱ የችግኝ ጣቢያ በአካባቢው ያሉ ጤናማና ቀጥ ያሉ እናት ዛፎችን ይመዝግብ፤ ያበቡበትንና ያፈሩበትን ወር በየዓመቱ ይጻፍ፤ ዘሩንም ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ብዙ ዛፎች ይልቀም። ይህን ለማድረግ አንድ ደብተርና በወቅቱ የሚወጣ ሰው ይበቃል።