የመንግሥት ድጋፍ ለግል ትምህርት ቤቶች፦ የ2012 ዓ.ም. ተሞክሮ ምን ያሳያል?

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲና አያት በሚወስደው ጎዳና ላይ የሚገኘው ጉርድ ሾላ፣ የግል ትምህርት ቤቶች ከሚታዩባቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ከሚገኙት የግል ትምህርት ቤቶች መካከል ራሳቸው ባስገነቡት ሕንፃ የሚያስተምሩ ቢኖሩም፣ ለመኖሪያ የተሠራ ቤት ተከራይተው አገልግሎት የሚሰጡትም ጥቂት አይደሉም። የእነዚህ ተቋማት ዋነኛ ገቢ ወላጆች የሚከፍሉት የአገልግሎት ክፍያ ሲሆን፣ ከወጪያቸው ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት ደግሞ የመምህራን ደመወዝና የቤት ኪራይ ናቸው። በመሆኑም ክፍያው ሲቋረጥ ችግሩ ሳይውል ሳያድር መምህሩና ተማሪው ዘንድ ይደርሳል።

እንደሚታወቀው የግል ትምህርት ቤቶች በ1968 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ወደ ሕዝብ ይዞታ እንዲዛወሩ ተደርጎ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን የግል ባለሀብቶች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ የሚያበረታታና የሚደግፍ ሁኔታ እንደሚመቻች ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅም የትምህርት አገልግሎትን ከታክሱ ነፃ አደረገ። ይህ ማበረታቻ ግን በመደበኛ ጊዜ የሚሠራ እንጂ ገቢ ሲቋረጥ ደመወዝ የሚተካ አይደለም።

ልዩነቱ በግልጽ የታየው በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ወቅት ነው። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲዘጉ ከተወሰነ በኋላ፣ በአዲስ አበባ የሚገኙ የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያቸው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲሰበስቡ ተደረገ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ደግሞ አሠሪዎች ከተፈቀደው ሥርዓት ውጪ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከለከለ። ይህም ገቢው ለቀነሰበት ወላጅና ለመምህሩ እፎይታ የሰጠ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶቹ ግን በቀነሰ ገቢ ያልቀነሰ ደመወዝ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሁኔታ ፈጠረ።

መንግሥት በዚያ ወቅት በአጠቃላይ ለንግዱ ማኅበረሰብ የወሰዳቸው እርምጃዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያው የግብር እፎይታ ነው። በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም. ይፋ በተደረገው ውሳኔ መሠረት፣ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የተጠራቀመ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ሥራቸው ቆሞ ደመወዝ መክፈል የቀጠሉ ድርጅቶችም ለ4 ወራት ከሠራተኞቻቸው ደመወዝ ቀንሰው ገቢ ከሚያደርጉት የሥራ ግብር ነፃ ሆኑ። ሁለተኛው ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች ያቀረበው የ15 ቢሊዮን ብር ገንዘብ ሲሆን፣ ዓላማውም ባንኮቹ ለተቸገሩ ደንበኞቻቸው ዕዳ እንዲያቃልሉና ተጨማሪ ብድር እንዲሰጡ ማስቻል ነበር።

የግብር እፎይታው ምን ያህል እንደሚያግዝ በምሳሌ ማየት ይቻላል። ለእያንዳንዳቸው 5,000 ብር የሚከፈላቸው 20 መምህራንና በወር 1,000 ብር የሚከፍሉ 200 ተማሪዎች ያሉትን ትምህርት ቤት እንውሰድ። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው የግብር ምጣኔ የአንድ መምህር የሥራ ግብር 697.50 ብር፣ የ20ዎቹ ደግሞ 13,950 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በሙሉ በትምህርት ቤቱ እጅ ቢቆይ እንኳ፣ በክፍያው መቀነስ ምክንያት በየወሩ የሚታጣው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ነው። እፎይታው ጠቃሚ ቢሆንም ክፍተቱን ለመሙላት የሚበቃ አልነበረም።

ብድሩን በተመለከተም ባንኮች ብድር ሲሰጡ በአብዛኛው የሚጠይቁት ቤት፣ ሕንፃ ወይም ተሽከርካሪ በማስያዣነት እንዲቀርብ ነው። በኪራይ ቤት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያለው ሀብት ወንበር፣ ጥቁር ሰሌዳና መምህራን በመሆናቸው፣ ብድር ይበልጥ ለሚያስፈልገው ተቋም በሩ ይበልጥ የጠበበ ነበር።

በሌላ በኩል የሕዝብ ገንዘብ ለትርፍ ለተቋቋመ ድርጅት ሊሰጥ አይገባም የሚለው አስተያየት ክብደት አለው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ብዙ የሚጎድላቸው በመሆኑ የመጀመሪያው ድርሻ የእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ሌላ ቦታ መማር አለባቸው፤ ከእነርሱም የተወሰኑት በአቅራቢያቸው ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት መሄዳቸው አይቀርም። ወጪው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

ሁለቱን ሐሳቦች ለማስታረቅ የሌሎች አገሮች ልምድ ይጠቅማል። አሜሪካ በ2012 ዓ.ም. የዘረጋችው የደመወዝ ጥበቃ ብድር የግል ትምህርት ቤቶችንም ያካተተ ሲሆን፣ ገንዘቡን በአብዛኛው ለደመወዝ ያዋለ ተበዳሪ ዕዳው ይሰረዝለት ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ድጋፉን ከባለቤቱ ትርፍ ይልቅ ከመምህሩ ደመወዝ ጋር ያስተሳስረዋል።

በመሆኑም ወደፊት ተመሳሳይ ችግር ቢከሰት፣ ድጋፉ በደመወዝ መዝገብ ላይ የተመሠረተ፣ ማስያዣ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች የብድር ዋስትና የሚሰጥና ሒሳቡ ለቁጥጥር ክፍት የሆነ ሊሆን ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሥርዓት ደግሞ ችግሩ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ትምህርት ቤቶች ክፍት በሆኑበት ጊዜ የሚዘጋጅ ነው።