ያውቁ ኖሯል? ቻርጅ ሳይደረግ የተቀጣጠለው መኪና
የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ እሳት ለማስነሳት የግድ ቻርጅ ላይ መሆን እንደማያስፈልገው ያውቁ ኖሯል? ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቾን ከተማ፣ በአንድ አፓርታማ የምድር ውስጥ ማቆሚያ የተነሳው እሳት መነሻው ከቆመ ሁለት ቀን ያለፈው መኪና ነበር፤ በዚያች ሰዓት ከቻርጀር ጋር አልተገናኘም። እሳቱን ለማጥፋት ስምንት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከመቶ በላይ መኪኖች ተጎዱ፤ ነዋሪዎች በጭስ ታፍነው ሆስፒታል ገቡ።

ልብ የሚሰብረው፣ ሕንፃው ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ ነበረው። ማስጠንቀቂያው እንደተሰማ የውሃ መርጫው ማስቆሚያ ቁልፍ በመጫኑ ግን እሳቱ በተነሳበት ስፍራ ውሃ ሳይረጭ ቀረ።

በኤሌክትሪክ መኪና የሊቲየም ባትሪ ውስጥ የአንዱ ሴል ሙቀት ከልክ ሲያልፍ አጠገቡ ያለውን ያግላል፣ ያም ቀጣዩን፤ ተቀጣጣይ ጋዝም ይወጣል። ባትሪው ከመኪናው ወለል ሥር ታሽጎ ስለሚቀመጥ ውሃ በቀላሉ አይደርስበትም። የጠፋ የመሰለው እሳት ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ዳግም ሊነሳ ይችላል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ባትሪውን ለረጅም ጊዜ በውሃ የሚያቀዘቅዙት ለዚህ ነው።