ውሻ ሲነክስ ለማን ይነገራል?

በከተማችን በእጃጂ ውሻ ሰው ሲነክስ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ሲደረግ አያለሁ። ወይም ውሻው ተገድሎ ይጣላል፤ ወይም ከባለቤቱ ጋር ላለመቀያየም ተብሎ ነገሩ ይሸፈናል። ሁለቱም ጎጂ መሆናቸውን በአጭሩ ላስረዳ።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። በቁስል ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ጉዞውም አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። ምልክቱ ከታየ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ የመዳኛው ጊዜ ይኸው የጉዞው ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዦዜፍ ሜይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ የከተበው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቀጥሎም ለቀበሌውና ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ ይኸውም ውሻው የማን እንደሆነ፣ የት እንደነከሰና ተከትቦ እንደሆነ ነው። ውሻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። ሲነክስ በሽታውን ያስተላለፈ ውሻ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ክትባቱ ግን ይህን ቀን አይጠብቅም፤ ውሻው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ቀሪውን ሊያስቆም ይችላል። ከሞተም በሽታው በአንጎሉ ምርመራ ይታወቃልና በእጃችን ሳንነካው ለባለሙያው እንንገር። ለጅብ የተጣለ ውሻ ግን ምንም አይነግረንም።

ውድ አንባብያን፣ ማስታወቅ ጎረቤትን መክሰስ አይደለም፤ ያው ውሻ ነገ የባለቤቱን ልጅ እንዳይነክስ ማሰብ ነው።