ዓሣ ማጥመድ ለጡት ካንሰር ምን ያደርጋል?

ባለፈው የጡት ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ዓሣ ማጥመድ ስለሚያስተምረው የአሜሪካ ድርጅት፣ ስለ ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ፣ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ በውስጥ መስመር የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። «ዓሣ ደግሞ ካንሰር ያድናል እንዴ?» ያላችሁኝም አላችሁ። አያድንም። ዓሣውን እንኳ አይበሉትም፤ ይዘው መልሰው ይለቁታል። ዋናው ነገር ያለው ክንዱ ላይ ነው።

የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ሲደረግ ብዙ ጊዜ ብብት ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎችም አብረው ይወጣሉ። ያኔ የሊምፍ ፈሳሹ መውረጃ ያጣና በዚያ በኩል ያለው ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ጨረር ሲጨመርበት ትከሻው ይተሳሰራል፤ እጅ ወደ ላይ አልነሣ ይላል። የድሮው ምክር «ከባድ ነገር እንዳትነኪ» ነበር። ይህን ምክር ቤተሰብ ሲረከበው ምን እንደሚመስል አክስቴ ላይ አይቻለሁ፦ ጀበና እንኳ ከእጇ ይነጥቋታል። «ኧረ አንቺ ዐረፍ በይ!» ሲሏት፣ «የቆረጡኝ ጡቴን ነው፤ እጄን መሰላችሁ?» ትላቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ፣ ቨርሞንት ግዛት ውስጥ፣ ማንቸስተር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሁለት ሴቶች ተገናኙ። ቤኒታ ዋልተን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት፤ በኦፕራሲዮን የጎደለ አካል መልሶ መሥራት ነው ሙያዋ። ግዌን ፐርኪንስ ደግሞ በዝንብ ዓሣ ማጥመድ የተካነች ባለሙያ። ከተማዋም ለዚህ ነገር የተፈጠረች ናት፤ ከ1856 ጀምሮ የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጠው ኦርቪስ መነሻው እዚያው ነው። ሁለቱ ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነበር፦ የማጥመጃውን ገመድ መወርወር፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ለክንድና ለትከሻ ከሚታዘዘው እንቅስቃሴ ጋር ይመሳሰላል። ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ ከዚህ ተወለደ።

በዚያው ዓመት በሌላኛው የአህጉሩ ጫፍ፣ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ፣ ዶን ማኬንዚ የተባለ የስፖርት ሐኪም የጡት ካንሰር የታከሙ 24 ሴቶችን ታንኳ አስቀዘፈ። ሥራ ክንድ ያሳብጣል የሚለው ፍርሃት እውነት መሆን አለመሆኑን መፈተኑ ነበር። አንዷም አላበጠችም። ሁለቱ ቡድኖች ተማክረው ይሁን አይሁን ለእኔ ለውጥ የለውም፤ «ዐረፍ በይ» የሚለው ነገር የሰለቻቸው ሴቶች በየቦታው ነበሩ ማለት ነው።

አወራወሩን ላስረዳችሁ፤ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። «ዝንብ» የሚሉት በመንጠቆ ላይ የታሰረ ላባና ክር ነው፤ ክብደት የለውም። የሚበረው በገመዱ ክብደት ነው። ስለዚህ ጉልበት ዋጋ የለውም። ክርን ከጎድን ብዙ አይርቅም፤ ዘንጉን ወደ ላይ ታነሺና ቀጥ አድርገሽ ታቆሚዋለሽ። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ገመዱ ከኋላሽ ተዘርግቶ እስኪያልቅ። ከተዘረጋ በኋላ ወደ ፊት። ከተቸኮለ ገመዱ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮህና ዝንቧ ተበጥሳ ትቀራለች። አንድ ጡንቸኛ ወንድ ሲታገል፣ አጠገቡ ቀጭን እጅ ያላት ሴት አሳምራ ስትወረውር ማየት ደስ ይላል፤ አልዋሽም።

የካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ ፕሮግራም ሁለት ቀን ተኩል ነው፤ እስከ 14 ሴቶች ይገቡበታል። መኝታው፣ ምግቡ፣ ዕቃው ሁሉ በነጻ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስፖርቱ ውድ ነው፣ ካንሰርም ኪስ ባዶ ያደርጋል። የሕክምናና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አብረው ያድራሉ። እኔን ግን የነካኝ የመጨረሻው ቀን ነው፦ ለእያንዳንዷ አንድ ረዳት ተመድቦላት ወንዝ ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኛ በሽታውን በስሙ መጥራት የምንፈራ ሰዎች ነን፤ «ያ በሽታ» ነው የምንለው። ክብ ሠርተሽ ተቀመጪና ስሜትሽን ተናገሪ ብትባል አክስቴ ትንፍሽ አትልም ነበር። ሁለት ሰው ውኃ ውኃውን እያየ ግን፣ ዓሣው እስኪመጣ ወሬ ይወጣዋል። ባይወጣውም ማንም አይጠይቅም። (የሚጠመደው ብዙውን ጊዜ ትራውት የሚባል ዓሣ ነው።)

አሜሪካ ያላችሁና እናት፣ እህት ወይም ጓደኛ የታመመችባችሁ፦ ማመልከት ይቻላል። ዕድሜም የበሽታው ደረጃም አይከለክልም። አመልካች ስለሚበዛ በዕጣ ነው፤ ዘንድሮ ባይወጣ መልሳችሁ ሞክሩ። ዓሣ አጥምዶ ማወቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሐኪሟን ታማክር። ለወንዶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ ሪል ሪከቨሪ የሚባል ተመሳሳይ ድርጅት አለ፤ እሱ ለማንኛውም ዓይነት ካንሰር ነው።