ማሽኑ ቸኮለ፣ ሾፌሩ አደረ

ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ የሚውል ሰው ቀኑን የሚቆጥረው በከባድ መኪና ነው። “መኪናችን ገባች? ወጣች?” ነው ወሬው ሁሉ። እኔም እዚያው ሰፈር ባለች ጠባብ የትራንዚት ቢሮ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ደረሰኙን፣ የዕቃ ዝርዝሩን፣ የጭነት ሰነዱን ስካን አድርጎ ለደንበኛ በኢሜይል መላክ ነው ሥራዬ።

አንድ ቀን ኮምፒውተር የሚማር የጎረቤት ልጅ መጣና፣ “ጋሼ፣ ስካን ያለቀ ባለቀ ቁጥር ተነሥተው የሚልኩት ለምንድን ነው? ኮምፒውተሩ ራሱ አይጠብቅም?” አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ሻይ ልጠጣ ከወጣሁ ሰነዱም ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካው ቤል ላብስ ስቱዋርት ፌልድማን “ሜክ” የተባለውን ፕሮግራም የሠራው ባልደረባው ስህተት ፍለጋ ሲደክም ስላረፈደ ነው። ስህተቱ ታርሟል፤ ሰውዬው ግን የታረመውን ፋይል እንደገና ማጠናቀር ረስቶ አሮጌውን ያስኬዳል። ሜክ የትኛው ፋይል እንደተለወጠ በሰዓቱ አይቶ የቀረውን ሥራ ይሠራል፤ ግን ካልጠሩት አይመጣም። ሳይጠሩት የሚነቃው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በየደቂቃው “አዲስ ነገር አለ?” እያለ ፎልደሩን የሚፈትሽ አለ፤ ዙሪያውን ሲዞር እንደሚያድር ዘበኛ ማለት ነው። ሊኑክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በ2.6.13 እትሙ “አይኖቲፋይ” የሚባል ነገር አስገባ። ይኼኛው በር ላይ እንደተሰቀለ ደወል ነው፤ ፋይል ሲነካ ይጮኻል፣ የተሰጠው ትእዛዝም ወዲያው ይሠራል።

ልጁ ይህንኑ ገጠመልን። ሰነድ ፎልደሩ ውስጥ ሲገባ ኢሜይሉ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ አለን።

እናላችሁ፣ አንድ ሐሙስ ብዙ ገጽ ያለው ሰነድ መጣ። ስካነሩ ቀስ እያለ ይጽፋል፤ ትእዛዙ ግን ፋይሉ ገና እንደተፈጠረ ነቅቶ ግማሹን ላከ። ደንበኛው ሳይከፍት ለሚመለከተው አስተላለፈ። ፋይሉ አልከፈት ማለቱ የታወቀው ቢሮ ሊዘጋ ሲል ነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ አደረች። በማግሥቱ ሾፌሩ ዓይኑ ቀልቶ መጣና፣ “ወንድሜ፣ ማሽናችሁ ቸኮለ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ አደርኩ” አለኝ። ምን እላለሁ? ጥፋቱ የኛው ነው።

ልጁን ጠራሁት። ሲያየው፣ “ፋይል ሲፈጠር” በሚለው ደወል ላይ ነበር ያሰረው። ወደ “ተጽፎ ሲዘጋ” ለወጠው። አንዳንድ ስካነር በየገጹ ፋይሉን ስለሚዘጋና ስለሚከፍት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ጨመረ፦ ሰነዱ በጊዜያዊ ስም ይጻፋል፤ ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛ ስሙን ያገኛል። ትእዛዙ የሚነቃው ያን ጊዜ ነው።

እኔም የራሴን ደንብ ጨመርኩ። ማሽኑ ይሰብስብ፣ ይሰይም፣ ያዘጋጅ፤ የሚልከው ግን ሰው ነው። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይባላል፤ ማሽን ሲያፈስስ ግን የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው። ሰው ይረሳል፣ ማሽን አይረሳም፤ ጋቢና ውስጥ የሚያድር ሾፌር መኖሩን ግን ማሽኑ አያውቅም።

አሁን ከመላኬ በፊት ፋይሉን ከፍቼ የመጨረሻውን ገጽ አያለሁ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።