«በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ባዶ እግሬን ቀረሁ!»
የኒውዮርክ የፋሽን ሳምንት ከውጭ ሲታይና ከውስጥ ሲኖር

እናንተዬ! የፋሽን ሳምንት ሲባል ምን ይታያችኋል? እንደ ሸንበቆ የቀጠኑ ሞዴሎች፣ የካሜራ ብልጭታ፣ ፊት ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው የተቀመጡ ዝነኞች… አይደል? እኔም እንደ እናንተው ነበር የማስበው። ባለፈው ሰሞን ግን ዘመድ ልትጠይቅ ከአሜሪካ የመጣች አንዲት እህታችን፣ ቦሌ አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን ያጫወተችኝ ነገር ሐሳቤን ገለባበጠው። ስሟን እንዳትጠይቁኝ። «ስሜን ካነሳህ ተጣላን!» ብላኛለች።

ባለታሪካችን የምትኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነገሩ በተፈጸመበት በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ዕድሜዋ 26 ነበር። ቀን ቀን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ፣ ማታ ማታ ደግሞ በኢንተርኔት ስለ ልብስና ጫማ የምትጽፍ፣ ፈረንጆቹ ብሎገር የሚሏት ዓይነት ናት። ደመወዝ የለውም። አንባቢ ግን ነበራት፤ አብዛኞቹም እንደሷው ሠርተው አዳሪ የሆኑ የሐበሻ ልጆች ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ትጠይቅና በአውቶቡስ ወደ ኒውዮርክ ትጓዛለች። ማደሪያዋ ሃርለም ያለች ጓደኛዋ ሶፋ ላይ ነው።

ለመሆኑ ይሄ የፋሽን ሳምንት የሚሉት ነገር ከየት መጣ? በ1943 ነው የተጀመረው። ዓለም በጦርነት ስትታመስ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ፋሽን ለማየት ፓሪስ መሄድ አቃታቸው። ይህን ያየች ኤሊኖር ላምበርት የተባለች የማስታወቂያ ሥራ አዋቂ «እንግዲያው የራሳችንን ልጆች ሥራ እዩልን» ብላ ጋዜጠኞቹን ኒውዮርክ ሰበሰበቻቸው። ስሙም «የፕሬስ ሳምንት» ነበር። ልብ በሉ፤ ከመነሻው የተዘጋጀው ለጸሐፊ ነው ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዲዛይነሩ ሁሉ በየፊናው፣ ባገኘው አዳራሽና ፎቅ ላይ ያሳይ ነበር። በ1991 በአንዱ ትርዒት ላይ የጣሪያው ልስን ተፈንቅሎ እንግዶቹ ላይ ወረደና ነገሩ አሳሳቢ ሆነ። ከ1993 ጀምሮ ብራያንት ፓርክ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ መጣ። በ2010 ድንኳኑ ወደ ሊንከን ሴንተር ተዛወረ፤ እስከ 2015 እዚያ ቆየ። የእህታችን ታሪክ በዚህኛው ድንኳን ዘመን የሆነ ነው።

ከኒውዮርክ ቀጥሎ ለንደን፣ ከዚያ ሚላኖ፣ መጨረሻ ላይ ፓሪስ ነው። ሩጫው አንድ ወር ያህል ይፈጃል። ደግሞ የሚታየው ልብስ የዛሬ አይደለም። በመስከረም የሚያሳዩት ለመጪው ፀደይና በጋ የሚሆነውን፣ በየካቲት ደግሞ ለመጪው ክረምት የሚሆነውን ነው። ለምን ቢባል፣ የሱቅ ገዢዎች አይተው እስኪያዙ፣ ፋብሪካ ሰፍቶ እስኪያደርስ ወራት ይወስዳላ!

ብሎገሮች ታዲያ እንዴት ገቡበት? የገቡት ዘግይተው ነው፤ ሲገቡም ባለቤቱን አስደነገጡት። በ2009 ሚላኖ ላይ ዶልቼ ኤንድ ጋባና ጥቂት ብሎገሮችን ከነኮምፒውተራቸው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ለሃያ ዓመት ያንን ወንበር ሲጠብቁ የኖሩ የመጽሔት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው እናንተው ገምቱ። በ2010 መጀመሪያ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ በዲዮር ትርዒት ላይ አንዲት የ13 ዓመት ብሎገር አናቷ ላይ ትልቅ የሪባን አበባ አስራ ተቀመጠች። ከኋላዋ የነበረች የመጽሔት ጸሐፊ መድረኩ አልታይ አላት። የሪባኑን ፎቶ አንስታ በተነችው፤ የሰሞኑ ወሬ ልብሱ መሆኑ ቀረና ሪባኑ ሆነ። (እኔ በበኩሌ ፍርዴ ከኋላ ለተቀመጠችው ነው። ሲኒማ ቤት ፊቴ ባለ ባርኔጣ ሲቀመጥብኝ የሚሰማኝን አውቃለሁና!)

እንግዲህ ወደ ልጅቱ ልመልሳችሁ። ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2013። በእኛ ጳጉሜን 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው።

«ከሃርለም የወጣሁት በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ነው» አለችኝ። «እግሬ ላይ ጥቁር ባለ ረጅም ታኮ ጫማ አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ካሜራ፣ ሞባይል፣ ቻርጀር፣ አንድ ሙዝ።»

ሊንከን ሴንተር በር ላይ ወረፋ ነው። በኢሜይል የተላከላትን ባርኮድ ለማሽኑ ታሳየዋለች፤ ማሽኑም የወንበር ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይተፋል። የሷ ወረቀት ላይ ግን ቁጥር የለም። «ቁሚ» ነው የሚላት! የፊት ወንበር ለገዢዎች፣ ለትላልቅ መጽሔቶች አዘጋጆችና ለዝነኞች ነው። የፎቶ አንሺዎች ቦታ መድረኩ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ወለሉን ቀድሞ በፕላስተር ምልክት አድርጎ ይዞታል። ያንን የረገጠ ጸሐፊ ወዮለት! እሷ ከኋላ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ በሰው ትከሻ መሃል አሻግራ ነው የምታየው።

ለ3 ሰዓት የተጠራው ትርዒት 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ጀመረ። ስንት ደቂቃ የፈጀ ይመስላችኋል? ከአሥር ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው! ሞዴሎቹ እንደ ወፍ ሽው እያሉ ያልፋሉ። ቀለሙን ልጻፍ ስትል ጨርቁ ያመልጣል፣ ፎቶ ላንሳ ስትል ሁለቱም ያመልጣሉ። ጭብጨባው ሳያልቅ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይሮጣል። ምክንያቱም ቀጣዩ ትርዒት በ4 ሰዓት፣ ከዚያ ሃምሳ መንገድ ያህል ወደ ታች ወርዶ፣ በድሮው የሥጋ ነጋዴዎች ሰፈር ነው። ባለመኪናው በመኪናው፣ እሷ በባቡር።

ነገሩ የመጣው ሦስተኛው ትርዒት በር ላይ፣ ወረፋ ይዛ ሳለች ነው። ሞባይሏን ስትከፍት የአንድ አንባቢዋን ደብዳቤ አገኘች። በአማርኛ ነው የተጻፈው። አስነብባኛለች፤ እስከዛሬ አላጠፋችውም።

«እህቴ፣ አንቺን አምኜ ያንን ጥቁር ጫማ ገዛሁት። ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቆሜ ነው የምውለው። ቀኑን ሙሉ ቢቆሙበት እግር አይነካም ብለሽ ስለጻፍሽ የሳምንት ደመወዜን አወጣሁበት። በሁለተኛው ቀን ተረከዜ ደማ። ልመልሰው ብል ተለብሷል አሉኝ። ለመሆኑ አንቺ በስንት ገዛሽው?»

በስንት ገዛችው? በምንም! ጫማው በነሐሴ ወር በፖስታ የመጣላት ስጦታ ነበር። ባለ ጫማው ድርጅት (ስሙ ይቆየን) አንድ ቆንጆ ካርድ ጨምሮ ላከላት፤ እሷም ምንጣፍ ላይ አሥር ደቂቃ ተጫምታ ፎቶ ተነሳችበትና አወድሳ ጻፈች። በነፃ የተሰጣት መሆኑን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ስጦታ ተቀብሎ የሚያወድስ ጸሐፊ መቀበሉን ለአንባቢ እንዲናገር የሚል መመሪያ አውጥቷል። «ሰምቼው ነበር። ግን ለትላልቆቹ ነው እንጂ ለኔ ቢጤዋ መሰለኝ?» ትላለች።

አሁን ያው ጫማ እግሯ ላይ ነው! ያደረገችውም የድርጅቱ ሰዎች በዚያ ቀን አንዱ ትርዒት ላይ ስለሚገኙ፣ እንዲያዩላት ብላ ነው። እግሯ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እየነገራት ነበር፤ ደብዳቤው ሲመጣ ግን ሕመሙ እጥፍ ሆነባት።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ የቀኝ ጫማዋ ማሰሪያ ብጥስ! ዝቅ ብላ ብታይ ተረከዟ ተልጧል። ሁለቱንም አወለቀችና በዚያ በሚያብረቀርቅ ቀሚስ፣ በኒውዮርክ የባቡር ጣቢያ ደረጃ፣ ባዶ እግሯን ወጣች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ኒውዮርክ እኮ ነው! አንድ ፋርማሲ ገብታ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ጠፍጣፋ ጫማ ገዝታ ሥራዋን ቀጠለች። ባለ ጫማዎቹ ያሉበትን ትርዒት ግን አልሄደችም። «ምን ብዬ ዓይናቸውን ልይ? እነሱ እንኳ ምንም አላደረጉኝም። ላኩልኝ፣ ጻፍኩ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ማታ ሃርለም ስትደርስ ካሜራዋ ውስጥ 400 ፎቶ፣ ሊጻፉ የሚጠብቁ አራት ጽሑፎች ነበሩ። የኒውዮርክ እኩለ ሌሊት በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ለእናቷ ደውላ «እንኳን አደረሰሽ» ልትል ቃል ገብታለች። ሞባይሉ ግን ቀኑን ሙሉ ፎቶና ቪዲዮ ሲያነሳ ውሎ ሞቷል፤ ቻርጀሩ የሆነ ትርዒት ቦታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ጓደኛዋ የሌሊት ሥራ ሄዳለች። «ሲነጋ እደውላለሁ» አለችና ኮምፒውተሯን ከፈተች።

አራቱን ጽሑፍ አልጻፈችም። ሌሊቱን ሙሉ ስትጽፍ ስትሰርዝ አድራ አንድ አጭር ነገር ነው ያወጣችው። ጫማውን አልገዛሁትም፣ በስጦታ ነው የመጣልኝ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ያደረግሁት፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አድርጌው እግሬ እንዲህ ሆኗል… ብላ የተላጠ ተረከዟን ፎቶ ለጠፈችበት። ከዚያ እንቅልፍ ጣላት።

ሲነጋ ጓደኛዋ መጥታ ሞባይሉ ሲከፈት 23 ያልተመለሰ ጥሪ! እናቷ ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ልጅ ኒውዮርክ ናት፣ ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ስልኳ ዝግ ነው። እናት ዶሮ ወጡን ትተው፣ ጎረቤቱን አስለቅሰው፣ ቨርጂኒያ ያለውን የአጎቷን ልጅ ከእንቅልፍ ቀስቅሰው ለፖሊስ ሊያስደውሉት ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ…»

መጀመሪያ ለቅሶ። ቀጥሎ ቁጣ። ከዚያ ምርቃት። መጨረሻ ላይ የጫማውን ጉድ ነገረቻቸው። እናት ዝም ብለው አዳመጡና «እና የልጅቷን ገንዘብ መለስሽላት?» አሏት።

«ይቅርታ ጻፍኩ እኮ እማዬ።»

«ይቅርታው ለአንቺ ነው የኔ ልጅ። ገንዘቧስ?»

በሦስት ጊዜ ከፍላ ጨረሰች። የጫማው ድርጅት ከዚያ ወዲያ ስጦታም ግብዣም አልላከላትም፤ ሌሎች ሁለትም ዝም አሏት። እሷ «ጊዜውም ደርሶ ነበር» ነው የምትለው። በቀጣዩ የካቲት አዘጋጆቹ ራሳቸው የሚገባውን ብሎገር ቁጥር ቀንሰው በሩን አጠበቡት፤ ብዙዎቹም ውጭ ቀሩ። እሷ እንዳጋጣሚ ስሟ አልተሰረዘም። ሄደች፣ ግን ለሁለት ቀን ብቻ፣ በጠፍጣፋ ጫማ።

አሁን ብሎግ የሚለው ቃል ራሱ አርጅቷል፤ ሁሉም ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን የፋሽን ሳምንት አይታለች፤ ሀብ ኦፍ አፍሪካ የተሰኘው የብዙ አገር ዲዛይነሮችን እዚሁ አምጥቶ አሳይቷል። ብዙዎቻችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ እንዲህ ዓይነቱን ትርዒት መዘገብ እንደምትመኙ አውቃለሁ። ለእነሱ ምን ትመክሪያለሽ? ብዬ ጠየቅኋት።

ሳቀች። «መጀመሪያ ይብሉ። እኔ በሙዝ ብቻ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ አንዴ ወረፋ ላይ ዞሮብኝ ወድቄያለሁ። ከዚያ ባትሪ፣ ጫማ… ጫማውን እንኳ ነግሬሃለሁ።» ቀጥላ ቁም ነገሩን አመጣችው። ትርዒቱን ሁሉ አሳድዶ ለማየት መሞከር ከንቱ ነው፤ ከአሥሩ ሦስቱን መርጦ፣ ሲያልቅ ከመሮጥ ይልቅ ከመድረኩ ጀርባ ሄዶ ጨርቁን በእጅ ዳስሶ፣ ስፌቱን ገልብጦ አይቶ፣ የሰፋችውን ልጅ ጠይቆ መጻፍ ይሻላል። ፎቶውንማ ሁሉም ያነሳዋል። ስጦታ ከመጣም ተቀበሉ፤ ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ «ተሰጥቶኝ ነው» በሉ፤ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል አይደለም። ሥራችሁንም አትልቀቁ። እሷ የመኪና ማቆሚያውን ሥራ የተወችው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይታ፣ ልብስ ሱቅ ውስጥ ገዢ ሆና ስትቀጠር ነው።

ያቺ የሆቴል ሠራተኛስ? ገንዘቧ ሙሉ በሙሉ ሲደርሳት አንድ መልስ ጽፋ ነበር። ባለታሪካችን እሱንም ከሞባይሏ ፈልጋ አሳየችኝ። ከታች የአንድ ግራጫ ካፖርት ፎቶ ተያይዞበታል።

«እህቴ፣ ብሩ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ብርድ እየመጣ ነው፤ ይሄን ካፖርት ልገዛው አስቤያለሁ፣ እንዴት ታዪዋለሽ? ደግሞ ካለሽ፣ በስንት እንደገዛሽው ንገሪኝ።»